በጉ ለማን ይታረዳል?

ደባርቅ ውስጥ ከውጭ አገር የሚመለስ ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የአሜሪካ ነው። ለእሱ በግ ይታረዳል፣ ወንበር ከጎረቤት ይሰበሰባል፣ ሽማግሌው ሳይቀር ብድግ ይላል። ሁለተኛው የህንድ ነው። ለእሱ ቡና ይፈላል። አቦሉ ሳያልቅ ደግሞ አንዱ ይጠይቀዋል፤ «ምነው ልጄ፣ ሌላ አገር አጣህ?»

እኔ ሁለቱንም ሆኜ አይቼዋለሁ። ባንጋሎር ተምሬ እዚያው አንድ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ክፍል ውስጥ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ቨርጂኒያ ደግሞ ስድስት ዓመት መኪና ማቆሚያ ጠብቄያለሁ። ህንድ አገር ነጭ ሸሚዝ ለብሼ ስሠራ ያላገኘሁትን ክብር፣ አሜሪካ መኪና በመጠበቅ አገኘሁት። ታዲያ ይኼ ምኑ ነው የባህል ፍቅር?

ከተማችን የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በር ናትና የሰውን አገር በጉርሻው መመዘን ለምደናል። አስጎብኚው፣ በቅሎ ጫኙ፣ አብሳዩ ከተራራ ወርደው ሲተሳሰቡ የየትኛው አገር ሰው «ጥሩ ሰው» እንደሆነ የሚወሰነው በኪሱ ነው። ለዕለት እንጀራ ሲባል ይህ አይፈረድበትም። የሚያስፈርድብን ሚዛኑን ከፓርኩ አውጥተን ቤታችን ማስገባታችን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1962 የመጀመሪያዎቹ የአሜሪካ ሰላም ጓዶች፣ ከ270 በላይ ሆነው፣ ሊያስተምሩ ኢትዮጵያ ገቡ። ህንዳውያን መምህራን ግን ከእነሱ ቀድመው በየጠቅላይ ግዛቱ ሒሳብና ሳይንስ ያስተምሩ ነበር። በዚያ ዘመን ጎንደር የተማሩ ትልልቆቻችን ሁለቱንም ያስታውሳሉ። አሜሪካዊው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ «እናንተስ ምን ትላላችሁ?» ይላል። ህንዱ ጠመኔውን ይዞ ቀመሩ በቃል እስኪወጣ አይለቅም። ዛሬ ጨዋታ ሲነሳ ግን ከአሜሪካዊው ጊታሩ፣ ከህንዱ ስስቱ ነው የሚወራው። «ሦስት ሆነው አንድ ቤት ይኖራሉ፣ ደመወዛቸውን ቋጥረው አገራቸው ይልካሉ» ይባልና ይሳቃል። ሒሳብ ማን አስተማራችሁ ሲባሉ ግን ያንኑ ህንድ ይጠራሉ።

እናንተዬ፣ ያ ህንድ ዛሬ ማን ነው? እኛ ነና! ቨርጂኒያ አራት ሆነን ባለ ሁለት ክፍል ቤት የተከራየን፣ ምሳችንን በላስቲክ ዕቃ ቋጥረን የምንወጣ፣ የተረፈንን ዳባት ላሉ እናቶቻችን የምንልክ እኛ ነን። እሱ ሲያደርገው ስስት፣ እኛ ስናደርገው ወገን መርዳት?

ህንድን ላሞግስ አልተነሳሁም። በሠራሁበት ቢሮ አለቃው ሳይወጣ ማንም አይወጣም። «አይሆንም» የሚል የለም፤ ሁሉም ነገር «እሺ፣ ነገ» ነው። ሻይ የሚያመላልሰው ልጅ ወንበር ላይ ሲቀመጥ አይቼው አላውቅም። ሰውን በዘሩ «የማይነካ» ማለትን ሕገ መንግሥታቸው እ.ኤ.አ. በ1950 ሽሮታል፤ ልማድ ግን ሕግ አያነብም። ይህን ስነግራቸው የአገሬ ሰዎች «ጉድ እኮ ነው!» ይላሉ። ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋን «ቡዳ» ብለን ከጋብቻ ያራቅን ሰዎች!

አሜሪካ ደግሞ ጎረቤቴን ሦስት ዓመት ሙሉ ስሙን ሳላውቅ ኖሬ ወጥቻለሁ። ነገር ግን በረዶ በጣለ ቀን የመኪና ማቆሚያው ባለቤት አካፋ ይዞ ከእኛ ጋር ይዝቅ ነበር። በስሙ እንጠራዋለን። ካልተስማማን «አይሆንም» እንለዋለን፤ አይቀየምም። ከአሜሪካ መቅዳት የነበረብን ይኼንን ነበር። የቀዳነው ግን ኮፍያውንና «ዩ ኖው»ን ነው።

ደግሞስ አሜሪካ ራሷ ህንድን መቼ ናቀች? ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2014፣ ጉግል በ2015 ለመሪነት የሾሟቸው ሰዎች ህንድ ተወልደው የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን እዚያው የያዙ ናቸው። ለእኛ ለደጋ ሰዎች ግን ከእነሱ ይልቅ የጉጅራት ገበሬ ይቀርበናል። አናንድ በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1946 ደላላ ያማረራቸው ገበሬዎች የወተት ማኅበር አቋቋሙ፤ ዛሬ አሙል የሚባለው ነው። አንዲት ላም ያላት ሴት ሳትቀር ጠዋትና ማታ ወተቷን ታመጣለች፣ ይለካላታል፣ ቅባቱ ይመረመራል፣ ይከፈላታል። ይኸው አሠራር በየክፍለ አገሩ ተስፋፍቶ ህንድን የዓለም አንደኛ ወተት አምራች እንድትሆን አግዟታል። ዳባት ላም አላጣችም፤ ሱቁ ውስጥ የተደረደረው ግን የዱቄት ወተት ነው። «ጾም አለብን፣ ገዢ ይጠፋል» የሚለኝ ይኖራል። እውነት ነው፤ ግን ቅቤ አንጥሮ ለዓመት ማቆየት የሚያውቅ ሕዝብ በዚህ ሊያመካኝ አይገባም።

የምንወደው አሜሪካን ቢሆን ኖሮ አካፋውን እንወድ ነበር። የምንንቀው ህንድን ቢሆን ኖሮ ሻይ አመላላሹን ልጅ ማዋረዱን እንንቅ ነበር። እኛ የወደድነው ዶላሩን ነው፤ የናቅነው ቁጠባንና ሥራን ነው። ስለዚህ የሚቀጥለው ተመላሽ ሲመጣ፣ ከየትም ይምጣ፣ ሻንጣው ሳይፈታ «እነዚያ ሰዎች እንዴት ነው የሚሠሩት?» ብላችሁ ጠይቁት። ሻንጣ ውስጥ የማይገኘው እሱ ነው።