«ፀሐይ»ን ማሽን ሲስላት

በመጋቢት 2017 ዓ.ም. የጃፓኑን ጂብሊ ስቱዲዮ አሣሣል በቻትጂፒቲ መኮረጅ ዓለምን አዳረሰ። ነገሩ ግን የጃፓን ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ልጆቻችንን በአማርኛ ያስተማረችውን የ«ፀሐይ መማር ትወዳለች» ቀጭኔ ዛሬ ደባርቅ ያለ ወጣት ጥቂት ደርዘን ምስሎቿን ለማሽን መግቦ እንደ አዲስ ሊፈጥራት ይችላል።

ሕጉስ ምን ይላል? የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሐሳብን አይጠብቅም፤ የሐሳቡን አገላለጽ ግን ይጠብቃል። ስለዚህ የአሣሣል ስልት የማንም አይደለም፤ ፀሐይ ግን ባለቤት አላት። ለግል አገልግሎት መቅዳትና ቲሸርት ላይ አትሞ መሸጥም አንድ አይደሉም።

ማሽን ስለማሠልጠን ግን አዋጁ ዝም ብሏል። በእኔ እምነት ዝምታው አደገኛ ነው፤ ልጅ የሚያምነው ፊቷን እንጂ ፈቃዱን አይደለምና። ሐሰተኛዋ ፀሐይ ማንኛውንም ነገር ልታስተምረው ትችላለች። ሕግ አውጪው ክስ እስኪመጣ መጠበቅ የለበትም።