ብዙ ዘመን ለተጫወተም ምስጋና ይገባዋል





እኛ የወላይታ ሶዶ ነዋሪዎች መጋቢት 2010 ዓ.ም.ን አንረሳም። በዚያ ወር ወላይታ ድቻ፥ የአፍሪካን የክለቦች ዋንጫ 5 ጊዜ የወሰደውን የግብፁን ዛማሌክ በኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ካይሮ ላይ በመለያ ምት አሸንፎ ከውድድር አስወጣው። የዚያን ቀን ጀግኖች ሁሉም አመስግኗቸዋል፤ ደግም ተደረገ። እኔ ግን ዛሬ የማነሣው ሌሎቹን ነው፤ ይኸውም በአገራችን ሊግ 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ተጫውተው፥ ዋንጫ ሳያነሡ፥ ለብሔራዊ ቡድንም ሳይጠሩ በዝምታ የሚሰናበቱትን ነው።

ከነዚህ አንዱ ባለፈው ዓመት ወደምሠራበት መዝገብ ቤት መጥቶ ነበር። ለአሠልጣኝነት ሥራ ሲያመለክት የአገልግሎት ማስረጃ ተጠየቀ። 11 ዓመት የተጫወተ ሰው በእጁ የነበረው አንድ አሮጌ ማልያና ሁለት ፎቶግራፍ ብቻ ነው። ከቀድሞ ክለቦቹ አንዱን ቢጠይቅ «ፋይልህ አልተገኘም» ተባለ።

እኛ የመንግሥት ሠራተኞች ይህ ምን ያህል እንደሚያሳዝን እናውቃለን። ከመካከላችን ብዙዎቻችን ሹመት ሳናይ 30 ዓመት እናገለግላለን፤ ነገር ግን ከቅጥር ደብዳቤያችን ጀምሮ ወረቀታችን በፋይል ይቀመጣል፤ 60 ዓመት ሲሞላን ባልደረቦቻችን ጋቢ አልብሰው ይሸኙናል። ኳስ ተጫዋች ግን 35 ዓመት ሳይሞላው እግሩ ይደክማል፤ የሚሸኘውም የለም።

«ደመወዙን በልቶ የለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። እኛስ ደመወዝ እየተቀበልን አይደለም ወይ የምንሸኘው? ደግሞም ጀግናው ግብ የሚያገባው ሌላው ኋላ ሆኖ ቦታውን ስለ ጠበቀለት ነው።

በእንግሊዝ አገር ለአንድ ክለብ 10 ዓመት ያገለገለ ተጫዋች የክብር ጨዋታ እንዲዘጋጅለት የቆየ ልማድ አለ። በአሜሪካም የቤዝቦል መዝገብ በትልቁ ሊግ አንድ ቀን ብቻ የተጫወተውን እንኳ በስሙ ያኖረዋል።

ስለዚህ እያንዳንዱ ክለብ ተጫዋቹ ስንት ዓመትና ስንት ጨዋታ እንደ ተጫወተ በመዝገብ ቢያሰፍርና ሲሰናበት ማኅተም ያለበት ማስረጃ ቢሰጠው መልካም ነው እላለሁ። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ የሊጉ ጨዋታዎች በተመረጡ ከተሞች ሲካሄዱ ስለ ቆዩ፥ የሶዶ ሕዝብ ልጆቹን በሜዳው የመሰናበት ዕድል እያጣ ነው። እንግዲህ በክረምት ዕረፍት አንድ የወዳጅነት ጨዋታ በሶዶ ስታዲየም ተዘጋጅቶ ለነባሩ ተጫዋች ጋቢ ቢለበስለት ምን ይጎዳል? ወጪው ጥቂት ወረቀትና አንድ ከሰዓት በኋላ ነው።

ከአክብሮት ጋር፤

አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ
ከወላይታ ሶዶ