ፈርነሱን አፍኖ ቤዝመንት ማከራየት

አገር ቤት ከሰል አቀጣጥሎ፣ በርና መስኮት ዘግቶ የተኛ ሰው ምን እንደሚገጥመው ያልሰማ የለም። "ከሰሉ በደንብ ሳይፈም አታስገቡ፤ በሩንም ገርበብ አድርጉት" የማትል እናት የለችም። ይህን እየሰማ ያደገ ሰው አሜሪካ ገብቶ ቤት ሲገዛ ግን ይረሳዋል።

በሜሪላንድም ሆነ በሚኒሶታ ቤት የገዛ ወገን ቤዝመንቱን ከፋፍሎ ማከራየቱ ነውር የለበትም፤ ሞርጌጅ በምርቃት አይከፈልም። ነውሩ የጋዝ ፈርነሱንና ዋተር ሂተሩን ጠባብ ክፍል ውስጥ አሽጎ፣ ከግድግዳው ማዶ የተከራይ አልጋ መዘርጋቱ ነው።

እሳት አየር ይበላል። አንድ እጅ የተፈጥሮ ጋዝ በደንብ ለመቃጠል አሥር እጅ ያህል አየር ይፈልጋል። አየር ሲያጥረው ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይተፋል። በታሸገ ቤት ደግሞ የልብስ ማድረቂያውና የመታጠቢያ ቤቱ ማራገቢያ አየሩን ወደ ውጭ ሲስቡ፣ በጭስ ማውጫው መውጣት የነበረበት ጋዝ ተመልሶ ወደ ቤት ይገባል። በአሜሪካ በእሳት አደጋ ሳይሆን በዚህ ጋዝ በድንገት ተመርዘው የሚሞቱት በዓመት ከ400 በላይ ናቸው።

በአገሪቱ በሰፊው የሚሠራበት የጋዝ ደንብ፣ አየሩን ከቤት ውስጥ የሚወስድ መሣሪያ በሰዓት ለሚያነደው ለእያንዳንዱ 1,000 ቢቲዩ 50 ኪዩቢክ ጫማ ቦታ ይጠይቃል። የ100,000 ቢቲዩ ፈርነስና የ40,000 ቢቲዩ ዋተር ሂተር አንድ ላይ 7,000 ኪዩቢክ ጫማ ይፈልጋሉ። 6 በ6 ሆኖ ከፍታው 8 ጫማ የሆነ ክፍል ያለው 288 ብቻ ነው! ደንቡ እንዲህ ያለው ክፍል ወደ ሰፊው ቤት የሚከፈቱ ሁለት ቀዳዳዎች፣ አንዱ ከጣሪያው ሥር ሌላው ከወለሉ አጠገብ፣ ይኑሩት የሚለው ለዚህ ነው።

"ብርድ ያስገባል" እያለ ያንን ቀዳዳ በካርቶን የሚደፍን አከራይ ምን እየደፈነ እንደሆነ ይወቀው። "አላርም አለ" የሚለው መልስም አያድነውም። አላርም መርዙ ቤት ከገባ በኋላ የሚጮኽ ዘበኛ ነው፤ ለእሳቱ አየር አይሰጥም። "ፈቃድ ማውጣት ገንዘብ ይበላል" የሚለውስ? ያለ ፈቃድ የተሠራ ግድግዳ ተቆጣጣሪ አያየውም፤ ስህተቱን ቀድሞ የሚያገኘው የተኛው ተከራይ ነው።

እርግጥ አየሩን በቧንቧ በቀጥታ ከውጭ የሚስብ ዝግ ፈርነስ አለ፤ እሱ የክፍሉን አየር አይሻማም። ግን ስንቱ አከራይ የራሱ የትኛው እንደሆነ ባለሙያ ጠይቋል?

ተከራይም "እንዳያስወጡኝ" ብሎ አይታገሥ። ቤት ሲገባ የሚጀምር፣ ውጭ ሲወጣ የሚለቅ ራስ ምታት ጉንፋን ላይሆን ይችላል። አላርሙ ከጮኸ ወይም ራሱን ካዞረው መጀመሪያ ይውጣ፣ ከዚያ 911 ይደውል።

የሁለት ፍርግርግ ዋጋ የአንድ ወር ኪራይ አጠገብ አይደርስም። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህ ነው።