ጉማን ሳናይ ጉማ እየሸለምን!

ለመሆኑ «ጉማ»ን ያየ ሰው አለ?

ሽልማቱን ማለቴ አይደለም። ሽልማቱንማ ያላየ የለም! ቀይ ምንጣፍ ተነጥፎ፣ ሴቶቹ ረጅም ቀሚሳቸውን እየጎተቱ፣ ወንዶቹ ክራቫታቸውን አጥብቀው፣ ካሜራው ብልጭ ድርግም ሲልባቸው በቴሌቪዥን አይተናል። እኔ የምጠይቀው ሽልማቱ ስሙን ስለተዋሰው ፊልም ነው። ሚሼል ፓፓታኪስ በ1960ዎቹ አጋማሽ ስለሠሩት፣ ስለ ደም መቃባት ስለሚናገረው፣ በአገራችን ከተሠሩት የመጀመሪያዎቹ ፊልሞች አንዱ ስለሆነው «ጉማ»። እስቲ ይህን ጋዜጣ እንደያዛችሁ ታክሲ ውስጥ ከጎናችሁ የተቀመጠውን ሰው ጠይቁት። «ሽልማቱ ነዋ!» ይላችኋል። ፊልም መሆኑንም የሚሰማው ገና ከእናንተ ነው።

የሽልማቱን አዘጋጆች መውቀሴ አይደለም። እነሱ ቢያንስ ስሙን ከመቃብር አውጥተውታል፤ እግዜር ይስጣቸው። የእኔ ጠብ ከሌላ ጋር ነው። «አበሻና ፊልም አይተዋወቁም» የሚል የቡና ቤት ፈላስፋ በሞላበት ከተማ፣ ያ ፈላስፋ ደህና የሚባለውን ያገሩን ፊልም አንድም ቀን እንዳያይ ያደረገው ማነው? በሕንድ ፊልም ያደግን፣ በካራቴ የጎረመስን፣ በሆሊውድ የሸበትን ሰዎች ስለ ራሳችን ፊልም ፍርድ የምንሰጠው ምን አይተን ነው?

ከኢትዮጵያ ፊልሞች ሁሉ አንዱን ምረጥ ብባል ዓይኔን አላሽም። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ነው። ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1974፣ አብዮቱ በሚንቀለቀልበት ጊዜ፣ ያኔ ካሊፎርኒያ የፊልም ተማሪ ሳሉ፣ በእረፍታቸው መጥተው በሁለት ሳምንት ያነሱት ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። ሁለት ሳምንት! ዛሬ የሰርግ ቪዲዮ ለማስረከብ እንኳ ሦስት ወር የሚያመላልሱ አሉ። ሲታይ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ የሚነገርበት ቋንቋ አማርኛ ነው። ልብ በሉ፣ ለፈረንጅ ተብሎ የተሠራ ፊልም አይደለም።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አንድ የጭሰኛ ቤተሰብ አለ። አንድ ባላባት አለ። ጭሰኛው ጎህ ሳይቀድ ይነሳል፣ ፈጣሪውን ይለምናል፣ በሬውን ይጠምዳል፣ ያርሳል። ባላባቱ ወንበሩ ላይ ይቀመጥና ይጮሃል። በቃ፣ ሥራው ይኸው ነው፤ መቀመጥና መጮህ። ልጅቷ የባላባቱን ከብት ከጎርፍ አድናለሁ ስትል ውሃ ይወስዳታል። ከበበ የሚሉት እብድ ደግሞ አለ፤ ጣሊያንን ተዋግቶ መሬቱን የተነጠቀ ሰው። አገሬው እብድ ይበለው እንጂ በዚያ ፊልም ውስጥ የሚያስበውን ሳይፈራ የሚናገር እሱ ነው። በመጨረሻም ባላባቱን የሚገድለው እሱ ነው።

ይህን ፊልም እኔ ያየሁት እጅ በእጅ ከተዘዋወረ፣ ምስሉ ከሚንቀጠቀጥ ቅጂ ላይ ነው። እንደዚያም ሆኖ ከአእምሮዬ አልወጣም። ካሜራው አይቸኩልም። ገበሬው ከዚያኛው የማሳ ጫፍ እዚህኛው ጫፍ እስኪደርስ ቆሞ ይጠብቀዋል። የእርፉ ክብደት፣ የጅራፉ ድምፅ፣ የሴቶቹ የውሃ መንገድ፣ ሁሉም በዕድሜው ልክ ነው የሚታየው። ከተማ ተወልዶ ከተማ ያደገ ሰው ጤፍ እንዴት እንጀራ እንደሚሆን ሳይሆን፣ ጤፉን ያበቀለው ሰው ጫንቃው እንዴት እንደሚጎብጥ ያያል። እውነቱን ለመናገር እንከን የለሽ አይደለም። ሁለተኛው ሰዓት ላይ ይንዛዛል፤ ባላባቱም አንዳንዴ ሰው መሆኑ ቀርቶ የተማሪዎች ንቅናቄ መፈክር ይመስላል። ይሁን! እንከኑን ለመናገር እንኳ እኮ መጀመሪያ ማየት ያስፈልጋል።

ፈረንጆቹ አይተውታል። እ.ኤ.አ. በ1976 በስዊዘርላንድ የሎካርኖ ፌስቲቫል ተሸልሟል። ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2006፣ ፊልሙ እንዳይጠፋ ተብሎ በክብር ታድሷል። የት? አዲስ አበባ? ጎንደር? የለም! ጣሊያን አገር፣ ቦሎኛ ከተማ በሚገኘው የፊልም ቤተ መዛግብት ነው። ጣሊያንን የተዋጋው የከበበ ምስል እንዳይበሰብስ ያተረፈችው ጣሊያን ሆነች! ይህን የሰማ ሹም ጉንጩ ትንሽ እንኳ ቀላ ይሆን? ያው ጣሊያን ሲወረን ያነሳውንም ፊልም ዛሬ ድረስ በሉቼ ተቋም በኩል በሥርዓት አስቀምጦታል። ወራሪው የወረራውን ፊልም ይጠብቃል፤ እኛ የራሳችንን ፊልም አንጠብቅም። ምን ይሉታል ይሄን?

ለምን ተረሳ? አንዳንዱ «ገንዘብ የለም» ይላል። እኔ አላምንም። ለፌሽታ፣ ለባነር፣ ለቲሸርት የሚጠፋ ገንዘብ መቼ ጎደለብን! ግምቴ ሌላ ነው። ይህ ፊልም ለየትኛውም ባለጊዜ አይመችም። የዘውዱ ሰዎች ባላባቱ ላይ ራሳቸውን ያያሉ። ደርግ መሬት ለአራሹ ብሎ በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቢያወጣም፣ በፊልሙ ውስጥ ጭሰኛውን ነፃ ሊያወጣ የሚመጣ ወታደር የለም። ኢሕአዴግ በበኩሉ መሬቱን የመንግሥት አድርጎ ሕገ መንግሥት ውስጥ ጻፈው፤ ገበሬው ዛሬም የሚያርሰውን መሸጥ አይችልም። ከዚያ በኋላ የመጡትም ይህንን አንቀጽ አልነኩትም። ባላባቱ ወንበሩን ቢያጣም ወንበሩ ባላባት አላጣም! እንግዲህ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚጮህ ሰው ያለበትን ፊልም የትኛው ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ነው ደስ ብሎት የሚያሳየው?

ስለ ቀይ ሽብርም እንዲሁ ነው። ሳሌም መኩሪያ በ1990ዎቹ የፈረንጅ አቆጣጠር አጋማሽ «የወንዝ ማዕበል» የሚል ዘጋቢ ፊልም ሠርተዋል። የገዛ ወንድማቸውንና የልብ ጓደኛቸውን ታሪክ ነው የሚናገሩት። ሁለቱም አብዮተኞች፣ ሁለቱም አገራቸውን የሚወዱ፣ ግን በየተለያየ ጎራ የተሰለፉ ነበሩ። ወንድምየው እንደወጣ ቀረ፤ ጓደኛቸው ተገደለች። ያንን ዘመን «እኛ ጻድቅ፣ እነሱ ርኩስ» ሳይል የሚያወራ ሰው በምናጣበት አገር፣ አንዲት እህት ተነስታ ሁለቱንም ወገን እያለቀሰች ታወራላችኋለች። መስቀል አደባባይ አጠገብ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም አለ። የራስ ቅል ተደርድሮ እናያለን፣ አንገታችንን ደፍተን እንወጣለን። እዚያው ግቢ ውስጥ ይህ ፊልም በየሳምንቱ ቢታይ ማን ይጎዳል? ሃያ ዓመት ያልሞላው ወጣት ዛሬም በፌስቡክ ጎራ ለይቶ ለመጋደል ሲዝት እያየን!

የማነ ደምሴም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው «ግርግር» የተባለው ፊልማቸው በ1953 ዓ.ም. ስለከሸፈው የታኅሣሥ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ የሚተርክ ነው። ስለ ገርማሜ ነዋይ ሲከራከር የሚያድር ስንት ምሁር አለ፤ ይህን ፊልም ያየ ግን በጣት ይቆጠራል። «ጤዛ»ማ ትንሽ ይሻላል፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማትና የምርጥ ድርሰት ሽልማት፣ በ2009 ደግሞ ዋጋዱጉ ላይ የፌስፓኮን ታላቅ ሽልማት ስላገኘ ወሬው ደርሶናል። ኃይሌ ገሪማ ያን ፊልም ለመጨረስ 14 ዓመት ፈጅቶባቸዋል። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ሲንከራተቱ ከዚህ አገር ባለሀብቶች መካከል «ጎሽ» ብሎ ኪሱን የፈታላቸው ቢኖር ኖሮ ያን ያህል ባልቆዩ ነበር። ሕንፃ ለመገተር እንጂ ለፊልም የሚደፍር የለማ!

እንግዲህ ደርግን ያነሳሁት ላወግዘው ብቻ አይደለም። ክፉውን እንደምናወራ ደጉንም እናውራ። ለፕሮፓጋንዳው ይሁን ለሌላ፣ ያ መንግሥት የፊልም ማዕከል፣ ኋላም የኢትዮጵያ ፊልም ኮርፖሬሽን የሚባል አቋቁሞ ነበር። የብርሃኑ ሽብሩ «በሕይወት ዙሪያ»፣ የሰሎሞን በቀለ ወያ «አስቴር» የዚያ ዘመን ፊልሞች ናቸው። በኢሕአዴግ ዘመን ኮርፖሬሽኑ ፈረሰ። «የደርግ ርዝራዥ» ተብሎ ስንቱ ፈረሰ! ማፍረሱስ ይሁን፤ ቤት ሲፈርስ ዕቃው ይወጣል አይደል እንዴ? ካሜራው፣ የፊልም ጥቅሉ፣ የተቀረጸው የአገር ታሪክ የት ገባ? የት ተቆለፈበት? ቁልፉስ በማን እጅ ነው?

አንድ ወዳጄ ይህን ስነግረው «አንተ ደግሞ! ሕዝቡ እኮ አይወደውም፤ ቀርፋፋ ነው፣ ያዛጋዋል» አለኝ። ይሄ ትልቁ ስድብ ነው። የዚህ አገር ሕዝብ እኮ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲያነብለት ሥራውን አቁሞ ጆሮውን የሰጠ ሕዝብ ነው። ያ ሁሉ ገጽ፣ ያ ሁሉ የማንኩሳ ወሬ፣ ማን አዛጋ? ሕዝቡ የሚያዛጋው ሲንቁት ነው። በሦስት ቀን ተጽፎ በሁለት ሳምንት ተቀርጾ፣ ሀብታም ልጅ ደሃ ልጅ አፈቀረች፣ መኪና ገጨው፣ አልሞተም፣ አለቀ በሚባል ፊልም ትኬት ሲያስቆርጡት ነው የሚያዛጋው። (ሁለት ሳምንት ያልኩት ላይ አትያዙኝ። ኃይሌ ሁለት ሳምንት ቀረጹ፤ ከዚያ በፊት ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ አስበውበታል።)

በ2008 ዓ.ም. ቃና የሚባለው ጣቢያ የቱርክ ድራማ በአማርኛ እያናገረ ሲመጣ የጥበብ ሰዎቻችን ጩኸታቸው ሰማይ ደረሰ። «ባህላችን ተወረረ! እንጀራችን ተነጠቀ!» አሉ። ቅር አይበላቸውና እኔ ያኔ ቃናን አልጠላሁትም። ደህና ነገር ያጣ ሕዝብ የተገኘውን ያያል። የገረመኝ ግን ከዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል «የቱርኩን አጥፉ» የሚል እንጂ «ጉማን አሳዩ፣ ምርት ሦስት ሺህ ዓመትን አሳዩ፣ ሂሩት አባቷ ማነውን አሳዩ» የሚል ድምፅ ጆሮዬ ሳይገባ መቅረቱ ነው። «ሂሩት አባቷ ማነው» እኮ እ.ኤ.አ. በ1964 የተሠራ፣ የአገሪቱ የመጀመሪያ ረጅም ፊልም ነው! አባቷ ማን እንደሆነ ይቅርና እሷ ራሷ የት እንዳለች የሚጠይቅ ጠፋ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኸው ነው።

የዋሽንግተኑ አበሻ እንኳ ይሻለዋል። ጆርጂያ ጎዳና ላይ፣ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት፣ ኃይሌ ገሪማና ባለቤታቸው የከፈቱት ሳንኮፋ የሚባል የመጻሕፍትና የፊልም መደብር አለለት። የፒያሳው፣ የመርካቶው፣ የሳሪሱ ሰው ግን የት ይሂድ?

ስለዚህ ይህች ጽሑፍ ባህልን እናስተዳድራለን ለምትሉት ሹማምንት ትድረስ። ብዙ አልጠየቅንም። አንደኛ፣ የቀድሞው የፊልም ኮርፖሬሽን ጥቅሎች የት እንዳሉና ስንቱ እንደተረፈ ዝርዝሩን አውጡት። ሁለተኛ፣ በሕዝብ ገንዘብ የሚተዳደረው ቴሌቪዥን ለነዚህ ፊልሞች በሳምንት አንድ ማታ ይስጥ፤ ለባለቤቶቹም ተገቢውን ክፍያ ይክፈል። ከስብሰባ ዘገባው ሁለት ሰዓት ቢቀነስ የሚከፋው ተሰብሳቢው ብቻ ነው። ሦስተኛ፣ ከቦሎኛ የታደሰውን ቅጂ በሕጉ መሠረት ጠይቃችሁ አስመጡና በየሲኒማ ቤቱ፣ በዋጋ ሳይሆን በተማሪ ኪስ፣ አሳዩልን።

መልስ ካላችሁ ላኩ፤ ዝግጅት ክፍሉ ሳይቆርጥ ሳይቀጥል ያትመዋል። ጥቅሎቹ በስብሰው ከሆነም እውነቱን ንገሩንና ቁርጡን እንወቅ።