ልጆችን በእግር ወደ አባያ ስለ መውሰድ

ሀገርን በመኪና መስኮት ማየትና በእግር ተጉዞ ማየት እጅግ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ስለዚህ ወላጆች በዕረፍት ወራት ልጆቻቸውን ስንቅ አሸክመው በሐይቅ ዳር ቢያስጕዟቸው ትልቅ ትምህርት ይሆናቸዋል ብለን እናምናለን።

ሐይቅና ደሴት ሲነሣ የብዙ ሰው አሳብ ወደ ጣና ይሄዳል። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ በደጋማው አገር ስለሚገኝ አየሩ ለመንገደኛ ይስማማል፤ ደሴቶቹም በገዳማት የከበሩ ናቸው። እኛ ግን ዛሬ የምናመለክተው በወላይታ ከተበላ ተነሥቶ ወደ አባያ የሚወርደውን ጕዞ ነው። ተበላ ከሶዶ በስተ ደቡብ፥ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው ጐዳና ላይ ያለች የሁምቦ ከተማ ናት። አባያም ከባሕር ጠለል በላይ 1,170 ሜትር ገደማ ላይ ስለ ተኛ ጕዞው ወደ ቆላ ቍልቍል ነው። ቍልቍል የወረደ ሁሉ ሽቅብ መመለሱ አይቀርምና ሸክሙ ቀላል ይሁን። በሶ፥ ዳቦ ቆሎ፥ ጋቢ፥ የፈላ ውሃና አጎበር ይበቃል፤ ለልጅም እንደ ጕልበቱ ይታደለው።

ቆላው ወባ ስላለበት ያለ አጎበር ማደር አይገባም። በሐይቁ አዞ ስለሚኖር ልጅን ወደ ውሃው ዳር መልቀቅ፥ ጉማሬም ሌሊት ለግጦሽ ስለሚወጣ በዳር መስፈር ክልክል ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ከአገሩ ሰው መሪ መያዝ ይገባል።

ከአባያ ደሴቶች አንዲቱ ጊዲቾ ትባላለች። ባይሶና ሃሮ የተባሉ ሁለት ሕዝቦች ከጥንት ጀምረው ኖረውባታል፤ የባይሶ ቋንቋ ከኩሽ ወገን፥ የሃሮም ከኦሞ ወገን ነው። በአንዲት ደሴት ሁለት ቋንቋ መኖሩን ያወቀ ልጅ የሀገሩን ስፋት ከመጽሐፍ ይልቅ በዚህ ያስተውላል።

ነገር ግን ልጆች ከሁሉ ይልቅ ሊያስተውሉት የሚገባው የውሃውን መቅላት ነው። ብላቴና ሌሎች ወንዞች ከላይኛው አገር ጠርገው ያወረዱት አፈር በሐይቁ ውስጥ ስለሚንሳፈፍ አባያ ቀይ ሆኖ ይታያል። እኛ የፍርድ ቤት ጸሐፊዎች አንድ ክንድ ድንበር ተገፋብኝ የሚል ከሳሽ ስንጽፍ እንውላለን፤ እርሻው ሙሉ በጐርፍ ሲሄድ ግን ከሳሽም ምስክርም አይቀርብም።

ወደ ተበላ ሲመለሱም መድኃኒቱን ያሳዩአቸው። የሁምቦ ኮረብቶች ዛፋቸው አልቆ ተራቍተው ነበር። በአውሮጳ አቆጣጠር በ2006 ዓ.ም. በተጀመረ ሥራ 2,728 ሄክታር መሬት ከከብትና ከመጥረቢያ ተከለለ፤ ሕዝቡም በሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጅቶ ጠበቀው። አብዛኛው ደን የተመለሰው በአዲስ ችግኝ ሳይሆን በሕይወት ከቀረው ጕቶ ነው፤ ከሚያቈጠቍጠው ብዙ ቀንበጥ ጠንካራው ይቀራል፥ ሌላው ይመለመላል፥ የቀረውም ዛፍ ይሆናል።

እንግዲህ ክቡራን አንባቢዎቻችን፥ ለልጆቻችሁ ርስት ለማውረስ ብዙ ትደክማላችሁ። ርስት ማለት ግን አፈር ነውና፥ አፈሩ ወዴት እንደሚሄድና በምን እንደሚያዝ ገና በልጅነታቸው በእግራቸው ሄደው እንዲያዩ አድርጉ።