አንጥረኛው የሚያውቀውን ተማሪው ስለምን አያውቅም?

ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ትምህርቱን ሲያጠና ሰማሁት። «የብረታ ብረት አቶሞች የውጭ ኤሌክትሮኖቻቸውን ለጋራ ይለቃሉ፤ ስለዚህ ብረታ ብረት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ይተጣጠፋል፤ ያብረቀርቃል» እያለ እንደ ዳዊት ይደግመዋል። «መልካም፤ እንግዲያውስ አንጥረኛ ብሩን ጥቂት ከቀጠቀጠ በኋላ መልሶ እሳት ውስጥ የሚከተው ስለምንድን ነው?» ብዬ ብጠይቀው ዝም አለ። ጥፋቱ የእርሱ ነው ለማለት ግን አልደፍርም። ትምህርቱን ከአንጥረኛው ደጃፍ ጋር ያገናኘለት ሰው የለም።

በጨው ብንጀምር ነገሩ ይቀላል። አሞሌ በመዶሻ ቢመታ ይፈረካከሳል። በጨው ውስጥ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ የሆኑ ቅንጣቶች እያፈራረቁ ተሰልፈዋልና፤ በምቱ ኃይል አንዱ ረድፍ ሸርተት ሲል ተመሳሳዮቹ ፊት ለፊት ይገጥማሉ፤ ይገፋፋሉ፤ ጨውም ይሰነጠቃል። የብር ጠባይ ሌላ ነው። እያንዳንዱ አቶም የውጭ ኤሌክትሮኑን እንደ ማኅበር መዋጮ ለጋራ ይሰጣል። መዋጮው የማንም የግል ገንዘብ ስላልሆነ ረድፉ ቢንሸራተትም ኤሌክትሮኖቹ በየመካከሉ እየተዘዋወሩ አቶሞቹን እንደ ያዙ ይቆያሉ። አንድ ግራም ወርቅ ተቀጥቅጦ አንድ ካሬ ሜትር ያህል ሊሸፍን መቻሉ፤ ብርም እንደ ክር ተስቦ ለጌጥ መዋሉ ከዚህ የተነሣ ነው። ከትኩስ ሻይ የገባ የብረት ማንኪያ ጣት የሚያቃጥለው፤ የእንጨቱ ግን የማያቃጥለው፤ እነዚሁ ኤሌክትሮኖች ሙቀቱን ተሸክመው ስለሚሮጡ ነው።

መዋጮው ሲበዛ ማኅበሩም ይጠብቃል። አንድ ኤሌክትሮን የሚያዋጣው ሶዲየም በ98 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቀልጥ፤ ሁለት የሚያዋጣው ማግኒዚየም እስከ 650 ይታገሣል። ሒሳቡ ሁልጊዜ ቀና አይደለም እንጂ! ሦስት የሚያዋጣው አሉሚኒየም የሚቀልጠው በ660 ነው፤ የአቶሞቹ አደራደርም የራሱ ድርሻ አለውና።

አሁን ወደ አንጥረኛው እንመለስ። ብር ሲቀጠቀጥ በአቶሞቹ ረድፍ ውስጥ ያሉት ጉድለቶች ይበዛሉ፤ እርስ በርሳቸውም ይጠላለፋሉ። ያን ጊዜ ረድፉ እንደ ልብ መንሸራተት ስለሚሳነው ብሩ ይደርቃል፤ መምታቱ ከቀጠለም ይሰነጠቃል። በእሳት ሲግል ግን አቶሞቹ እንደገና ይሰለፋሉ፤ ብሩም ይለሰልሳል። የእነዚህን ጉድለቶች ነገር ቴይለር፤ ኦሮዋንና ፖላኒ የተባሉት ሊቃውንት በየበኩላቸው የገለጹት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1934 ነው። አንጥረኛው ግን ምክንያቱን ባይናገርም ሥራውን ከዚያ አስቀድሞ ያውቀው ነበር።

እንዲህ ያለውን ባለሙያ ነው እንግዲህ ስንሰድብ የኖርነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። ስድቡ ግን እስካሁን ፈጽሞ አልጠፋም። ስለዚህ በትምህርት ሥራ ላይ ላሉት ወጣት ሹማምንት አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ፤ ስለ ብረታ ብረት በሚሰጠው ትምህርት አንድ ቀን ባለእጁ ወናፉንና ጉጠቱን ይዞ ወደ ክፍል ይጠራ፤ እንደ መምህርም አበል ይከፈለው።

ለዚያ ተማሪ ግን እስከዚያ ድረስ አላስጠበቅሁትም። ቍራጭ የመዳብ ሽቦ ሰጥቼ ደጋግሞ እንዲያጥፈው ነገርሁት። ጥቂት አጣጥፎ «ጠነከረብኝ» አለ። ከሰል ላይ አግሎ ካቀዘቀዘው በኋላ እንደገና ቢያጥፈው እንደ ክር ታዘዘለት፤ ደብተሩንም ትቶ ሌላ ሽቦ ፍለጋ ወጣ።