ለጀማሪ የሚሆን አሮጌ መኪና የትኛው ነው?

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ በየግቢው ጥግ ሸራ ለብሰው የቆሙ አሮጌ መኪናዎች በአዲስ ዐይን ቢታዩ የሚያስደንቅ አይደለም። ከወጣቶቻችንም «አንዱን ገዝቼ በገዛ እጄ ባድሰውስ?» የሚሉ አሉ። አሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን በምርጫው የተሳሳተ ሰው ገንዘቡን በባቲላሜራ ቤት፣ ትዕግሥቱን በመለዋወጫ ፍለጋ ጨርሶ፣ መኪናውን በግማሽ ዋጋ ለሌላ ሲያስረክብ ማየታችን አልቀረም።

በእኛ አስተያየት ለጀማሪ ሕዝቡ «ቮልስ» እያለ ከሚጠራት አሮጌዪቱ ቮልስዋገን የሚሻል የለም። ይህን የምንለው በቅርጿ ተማርከን አይደለም፤ እንዲያውም ቅርጿን ከማይወዱት ወገን ነን። የመጨረሻዪቱ እ.ኤ.አ. በ2003 በሜክሲኮ ፑዌብላ እስከ ተሠራች ድረስ ቁጥሯ ከ21 ሚሊዮን በላይ ስለ ደረሰ፣ መለዋወጫዋ ዛሬም ይሠራል፤ ሶማሌ ተራ ወርዶ የጠየቀም ሰው ባዶ እጁን የሚመለሰው ከስንት አንዴ ነው። ሞተሯ በአየር ስለሚቀዘቅዝ ራዲያተርም የውሃ ፓምፕም የላትም። ሞተሩ ከካምቢዮው ጋር የተያዘው በአራት ቦታ ብቻ በመሆኑ በክሪክና በሁለት ሰው ጉልበት ይወርዳል፤ ፓራፋንጎዎቿም በብሎን ይፈታሉ።

ፊያት 600 ትንሽና ደስ የምትል ናት፤ ሆኖም ሞተሯ በውሃ ስለሚቀዘቅዝ ውሃ አልቆባት የተነዳች እንደ ሆነ መዘዙ ብዙ ነው። ላንድሮቨር ደግሞ አካሉ አሉሚንየም ስለ ሆነ አይዝግም፤ ገዢውን የሚያታልለውም ይኸው ነው፤ ከሥር ያለው የብረት ሻንሲ በስብሶ ሊገኝ ይችላልና።

ስለ ቀለም ግን ጥቂት እንበል። ባለፈው ዓመት አንዲት ቮልስ ልንገዛ ሄድን። ቀለሟ እንደ መስተዋት ያበራል፤ ባለቤቱም ምሎ ተገዝቶ ያመሰግናታል። የኋላውን መቀመጫ ብናነሣው ባትሪው የሚቀመጥበት ወለል ተበልቶ አስፋልቱ ይታያል። ከበሩ ሥር ማግኔት ብናስጠጋ አልያዘም፤ ለካ ብረት የመሰለን ስቱኮ ኖሯል! ሞተሩ የሞተ መኪና ይታደሳል፤ ወለሉና የበሩ ሥር የበሰበሰ ግን የብየዳ ባለሙያ ሥራ እንጂ የጀማሪ አይደለም።

በዚያው መቀመጫ ሥር የሻንሲው ቁጥር ተመትቶ ይገኛል፤ ከሊብሬው ጋር ይመሳከር። የሞተሩም ቁጥር እንዲሁ፤ በስንት ዓመት ውስጥ ስንት ሞተር እንደ ተለወጠባት ማን ያውቃል? እ.ኤ.አ. ከ1967 በፊት የተሠሩት አብዛኞቹ ባለ 6 ቮልት ስለ ሆኑ ባለ 12 ቮልቱን መፈለግ ይበጃል። ከገዙ በኋላ ከሁሉ አስቀድሞ የሚለወጠው የቤንዚን ጎማ ነው፤ ያረጀ ጎማ በጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን ያንጠባጠበ ቀን መኪናዋ ትነዳለች። አዲስ አበባም 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች፣ አየሯ የሳሳ ከተማ ስለ ሆነች፣ ካርቡራተሩ በዚያው ልክ ካልተስተካከለ ሞተሩ ቤንዚን ይበዛበትና ይጨሳል።

ሞተሩን አውጥቶ በኤሌክትሪክ መተካት ይሻላል የሚሉ ወዳጆች አሉን። ነዳጅ በተወደደበት ጊዜ ክርክራቸው ቀላል አይደለም። ይሁን እንጂ የቮልስን ሞተር በጆሮ ብቻ አዳምጠው ሕመሙን የሚናገሩት መካኒኮች እያረጁ ነው፤ ከእነርሱ አጠገብ ቆሞ ቫልቭ ማስተካከልን የሚማር ወጣት የምናየው በጥቂቱ ነው። የኤሌክትሪኩን ሥራ ከአምስት ዓመት በኋላም መማር ይቻላል።

እኛም ያችን የምታበራዋን ትተን፣ ቀለሟ የተላጠ ወለሏ ግን ጤነኛ የሆነች ሌላ ገዛን። እስካሁን ሞተሯን ሁለት ጊዜ አውርደናል፤ ሁለተኛው ጊዜ በመጀመሪያው ረስተን በተውነው አንድ ብሎን ምክንያት ነበር።